የአዳዳ ቡሉኮ እና የኩዶ በረዶ

ባቡሩ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ባልቴት የምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ አንድ የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። በጨው ታፍኖ የከረመ ነጭ ሥር ነው የሚበሉት፤ ጃፓን ውስጥ የማይበላው ሰው የለም። እኔን የሸተተኝ ግን ሌላ ነው። ላስቲክ ስር ታፍኖ የሰነበተ እሸት ቡና ሸተተኝ፤ ሰርቦ፣ አዳዳ ዘይነባ ጓሮ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ። ጅማ ውስጥ እንጀራዬ ቡና መቅመስ ነውና አፍንጫዬ አይዋሽም። እኔ ራሴ ግን ዋሽቼ አውቃለሁ፤ በዚያ ባቡር የተሳፈርኩትም በዚያው ውሸት ሰበብ ነው።

ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሁሉ በረዶ ነው። አጥር የለ፣ ማሳ የለ፣ መንገድ የለ። አልፎ አልፎ የቤት ጣሪያ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ቅርንጫፋቸው ብቻ የቀረ የፖም ዛፎች በረድፍ ይመጣሉ። ባቡሩ ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው፤ ማንም በማይወርድበትና ማንም በማይሳፈርበት ጣቢያ ሁሉ እየቆመ በሩን ይከፍታል፤ ብርዱም ትኬት እንደቆረጠ ሰው ዘው ብሎ ይገባል። ሐምሌ በመጣ ቁጥር "ጅማ በብርድ ገደለችኝ" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለካ ብርድ የሚባለውን ነገር ጭራሽ አላውቀውም።

አዳዳ ዘይነባ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እኛ ዘንድ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። ዘንድሮ አላህ ፈቅዶላቸው የሐጅ ስማቸው ወጣ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል፣ ይቅር በሉኝ ለማለት። ጉዞው ገና ስድስት ወር ሲቀረው አዳዳ ጀመሩት፤ ለእኔ ጉልበት ሰርቦ ሰፊ አገር ነው እያሉ። ከዓመታት በፊት ፍየሉን በድንጋይ የመቱበትን ሰውዬ ሳይቀር ቤቱ ድረስ ሄደው ለመኑት። ሰውዬው ፍየሏንም ድንጋዩንም ረስቶታል።

ለሦስት ሳምንት የቅምሻ ሥልጠና ጃፓን ልሄድ መሆኑን ስነግራቸው እጄን ያዙኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ቀርቶኛል" አሉኝ። "ያ ልጅ፣ ኩዶ። ከቤቴ አባርሬዋለሁ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ፈልገሽ አግኚውና ድምፁን አሰሚኝ። እሱ አፉ ሳይለኝ ካዕባን ምን ብዬ አየዋለሁ?"

ኢንሻአላህ ብዬ ወጣሁ። ኩዶ ከዚያ ቤት የተባረረው በእኔ ምክንያት እንደሆነ አያውቁም ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ።

ያን ዓመት እናቴ መንታ ወለደች። ጅሬን ያለው ቤታችን በልቅሶና በሽንት ጨርቅ ተሞላና እኔን ሰርቦ አዳዳ ዘንድ ላኩኝ። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ አገር ነበር። አዳዳ ልጅ አልነበራቸውም፣ ባላቸውም ሞተዋል። ወተቱ የእኔ፣ ከማር ሰፈፉ ላይ የመጀመሪያው ቁራጭ የእኔ፣ ስተኛ ጀርባዬን የሚያኩልኝ ሰው አለ። ለቤት ብቸኛ ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል ያን ዓመት አየሁትና ወደድኩት። ጁምዓ ጁምዓ አባቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይወስደኝ ይሆን ብዬ ከቡናው ዛፍ ጀርባ እደበቅ ነበር።

አዳዳ ደግ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን ሳይደምን የሚጥል ዝናብ ነው። እቃ ሰበርኩ፣ "ወደ እናትሽ እመልስሻለሁ።" ዶሮ አስገባሁ፣ "ወደ እናትሽ እመልስሻለሁ።" አሁን ሳስበው ለአፍ ያህል ነው የሚሉት። እኔ ግን እያንዳንዷን አምናለሁ፤ በሆዴም እይዛታለሁ።

ኩዶ በር አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የመጣው ገበሬውን ቡና አደራረቅ ሊያሳይ ነው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ የሚደርስ ወጣት ነበር። የሰፈሩ ልጆች "ቻይና! ቻይና!" ብለው ሲጮሁበት እንደ ሌላው ዝም ብሎ አያልፍም። ይወርድና ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ቻይና አይደለሁም፣ ጃፓን ነኝ፣ ብሎ ያስረዳል፤ ጠዋት ለመሄድ ያሰበበት ቦታ ከሰዓት ይደርሳል። አማርኛውን አዲስ አበባ ተምሮ ነው የመጣው። ኦሮምኛውን ግን ከአዳዳ ስለለቀመ ቀድሞ የያዘው የቁጣውን ቃላት ነበር፤ ሰው ሲያመሰግን ራሱ የተቆጣ ይመስላል።

በዚያን ጊዜ ሰርቦ ውስጥ ቡና የሚደርቀው መሬት ላይ ነው። ጓሮ ይጠረጋል፣ እሸቱ ይሰጣል፣ ዶሮውም ፍየሉም ይረማመድበታል። ኩዶ ግን በአጣና ከፍ አድርጎ፣ ሽቦና ከረጢት ወጥሮ፣ አልጋ ላይ ይደርቅ ይላል። በሰፈሩ እሺ ያሉት አዳዳ ብቻ ናቸው። ሁለት አልጋ ተሠራ። የሰፈሩ ሰው መሳቂያ አገኘ፤ ዘይነባ ቡናዋን አልጋ ላይ አስተኝታ እሷ መደብ ላይ ታድራለች ይሏቸዋል። ከሁሉም በላይ የምትስቀው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበረች። ጨውና ላምባ ትሸጣለች፤ ከጎንደር ነው የመጣችው፤ አፏ እንደ ምላጭ ነው። አዳዳ ግን ነገሩ ከምር ገብቷቸው ነበር። የሰርቦ ሴት ቡና አፈር አፈር ይላል የሚለውን ወሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተውታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ማንም አፍንጫውን የማይነፋበት ቡና ከእጃቸው ወጥቶ ማየት ፈለጉ። ስለዚህ ቀይ ቀዩን ፍሬ ብቻ አንድ በአንድ ለቀሙት። ማታ ማታ ጣታቸው ከፍሬው ጭማቂ የተነሳ እየተጣበቀ ይቸገሩ ነበር።

የእኔ ሥራ ዶሮ ማባረርና ማገላበጥ ነው። ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል ሦስታችንም አልጋው ዙሪያ ቆመን ፍሬውን በእጃችን እናገላብጣለን፤ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ በሳምንቱ ቆዳው ይጨማደዳል፣ እየቆየ ሲነካ ይንሿሿል። ኩዶ ስለ አገሩ የሚያወራው በዚያ ሰዓት ነው።

"አሁን እኛ ጋ በረዶ ነው" አለ አንድ ቀን።

አዳዳ ከልባቸው አዘኑለት። በረዶ እኛ ዘንድ ጣሪያ የሚደበድብ፣ የቡና አበባ የሚያረግፍ ነገር ነው። የለም፣ ይሄኛው ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም አለ። ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ በሩን ይዘጋዋል፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ከፎቅ በመስኮት እየወጣሁ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት አለ።

"ሱብሐነላህ" አሉ አዳዳ። "ምን አጥፍታችሁ ነው?"

ኩዶ መነጽሩን ወልውሎ ብዙ አሰበበትና፣ አላውቅም አለ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ አገር ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም። ከምን ጋር ይመሳሰላል ስለው ዞር ዞር ብሎ አይቶ አጥር ላይ ወደ ተሰጣው ቡሉኮ አመለከተኝ። ቡሉኮ ያ ከባዱ ድርብ የጥጥ ልብስ ነው፤ የአዳዳ ቡሉኮ ከእናታቸው የቀረ፣ ለበዓልና ለእንግዳ ካልሆነ ከሣጥን የማይወጣ ነበር። ምድሩ ሁሉ ያንን ይለብሳል አለኝ። እኔም አገሩ በሙሉ ተኝቶ ታየኝ፤ ሰዎቹ፣ ላሞቹ፣ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቱ በመኸር ማብቂያ ጥቅል ጎመን ሜዳ ላይ ትታ በረዶ እንደምታስለብሰው ነገረኝ። ከወር በኋላ ተቆፍሮ ሲወጣ እንደ ስኳር ይጣፍጣል፤ ብርዱ ነው የሚያጣፍጠው። ሰውስ ይጣፍጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እስቲ እናቴን እጠይቃታለሁ ብሎ ሳቀ።

በታኅሣሥ ጅሬን የዘመድ ልቅሶ መጣ። አዳዳ መሄድ ነበረባቸው፤ ኩዶ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሥራው ሸቤ ጠራው። እኔ ለእትዬ አስካለ አደራ ተሰጠሁ፣ ቡናው ደግሞ ለእኔ። ጤዛው ሲነሳ ላስቲኩን ግለጪ፣ ሁለቴ አገላብጪ፣ ፀሐይ ስትገባ አልብሺ። አዳዳ በሚመለሱበት ማግስት፣ ጁምዓ ዕለት፣ የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ቡናውን አይተው እነሱም አልጋ ይሥሩ አይሥሩ ሊወስኑ ተቀጣጥረዋል። እትዬ አስካለ እንኳ፣ እያላገጠች፣ አጣና ገዝታ ደጇ ላይ አስቀምጣለች። አዳዳ ጥቁር ሻርፓቸውን ሲያጠልቁ ዞረው አዩኝ።

"አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" አሉኝ። "አንዲት ፍሬ ብትሻግት ወደ እናትሽ ነሽ።"

ቀጥሎ ያደረግኩትን በፍርሃት አላደረግኩትም፤ ይህን ሁሉም ሰው እንዲያምነኝ እፈልጋለሁ። በፍቅር ነው ያደረግኩት። አዳዳ ከልቅሶ ሲመለሱ ቡናው ደርቆ ብቻ ሳይሆን እንደዚያ ጎመን ጣፍጦ እንዲጠብቃቸው ፈለግኩ። ሣጥኑን ከፈትኩ፤ የናፍታሌን ሽታ ዓይኔን አቃጠለው። ቡሉኮውን እየጎተትኩ አወጣሁና አልጋው ላይ ነጠፍኩት። ነጭነቱ ደረሰ፤ ብርዱ ግን ቀረ። ገና ሳይነጋጋ ምንጭ ወርጄ፣ ያን ጥርስ የሚያንገጫግጭ ውኃ በትንሿ ጀሪካን ቀዳሁና አፈሰስኩበት። አንድ ጀሪካን አልበቃ ብሎ ሦስቴ ተመላለስኩ። ከዚያ ሁለቱንም አልጋ ላስቲክ አልብሼ ዙሪያውን በድንጋይ አፈንኩት። አልከፈትኩትም፤ የኩዶ እናት ጎመኗን እየገለጠች አታይማ። በየቀኑ ግን ውኃዬን አልረሳሁም። በሦስተኛው ቀን እጄን ከስር ሰደድኩ፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሆድ ያህል ይሞቃል። እየበሰለ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እትዬ አስካለ፣ ምንድነው የሚሸተው ስትለኝ፣ ወንዙ ነው አልኳት።

አዳዳ በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ተመለሱ። ከበሩ ሳያልፉ ነው የሸተታቸው። ሻርፓቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሄደው ላስቲኩን ገፈፉት። እንፋሎት ወጣ። ቡሉኮው የአተላ ቀለም ይዟል፤ ሲያነሱት ፍሬው ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። ከስር ያለው ቡና ሽበት አብቅሏል፣ ሽበት፣ ጥጥ የመሰለ ግራጫ ነገር። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም። አንድ ፍሬ አንስተው በጣታቸው ጨፈለቁት፣ አሸተቱት፣ ጣሉት።

ኩዶ ቦርሳውን ተሸክሞ ከሸቤ የደረሰው በዚያች ደቂቃ ነው።

ማን ነው ይህን ያደረገው አሉ አዳዳ፣ ወደ ማንም ሳያዩ። ምላሴ ቀደመኝ።

"ኩዶ ነው እንዲህ አድርጊ ያለኝ" አልኩ።

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። አልጋውን አየ፣ ቡሉኮውን አየ፣ ትንሿን ጀሪካን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያ ዕይታ ረጅም ነበር። ሁሉ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፤ ጎመኑም፣ እናቱም፣ በረዶውም።

"አዎ" አለ። "እኔ ነኝ።"

ከዚያ ነው አዳዳ የጮኹት። ክፍሉ ገብተው ልብሱን፣ መጽሐፉን፣ ፍራሹን ደጅ ወረወሩት፤ ያን ቀን ከትናንት ዝናብ የተረፈ ጭቃ ነበር። የሙት ልቅሶ ላይ ሆኜ ቤቴን አጠፋህብኝ፣ የእናቴን ልብስ አበላሸህብኝ፣ ውጣልኝ አሉት። መንገዱ ላይ ሰው ቆመ። ኩዶ ጭቃ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ሰበሰበ። ሲጨርስ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ተመልሶ ገባና መጥረጊያ አንስቶ ክፍሉን ጠረገ፤ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ወጥቶ ለአዳዳ ጎንበስ አለና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። እኔን ዞሮ አላየኝም።

ጁምዓ ሴቶቹ መጡ፤ አዩ፤ አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። እትዬ አስካለ በአጣናዋ የዶሮ ቤት ሠራችበት። አዳዳም ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ ያ ልጅ ቡና የሚያውቅ መስሎኝ ነበር እያሉ ለዓመታት ነገሩ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የዚያን ዕለት ማታ የሆነው ነው። አዳዳ አቅፈውኝ፣ ልጄን ሊያሳብድብኝ ነበር እያሉ አለቀሱና ከሰፈፉ ላይ ትልቁን ቁራጭ ቆርጠው ሰጡኝ። በላሁት። ጣፈጠኝም፤ ወላሂ ጣፈጠኝ። እስከ ዛሬ የማፍርበት እሱ ነው።

ባቡሩ ከባልቴቲቱና ከእኔ በቀር ባዶ ሆነ። የሥልጠናው አስተርጓሚ የኩዶን ስምና የመንደሩን ስም ስነግራት በሁለት ስልክ አገኘችው፤ የመንደሩን ስም ልጅ ሳለሁ በየማታው አስደጋግሞ ያስጠናኝ ኩዶ ራሱ ነው። ጣቢያው የአንድ ሱቅ ያህላል። በሩ ላይ ፀጉሩ የሸበተ መነጽራም ሰው አካፋ ይዞ ቆሟል። እርስዎ ልለው ሞከርኩ፤ "ኩዶ በይኝ" አለኝ፣ ቃሉን ከጉድጓድ እንደሚቀዳ እየፈለገ። ሐያት፣ አደግሽ አለኝ። አማርኛው ዝጓል፤ ግን አልተሰበረም።

በትንሽ የጭነት መኪናው ሄድን። የመንገዱ ግራና ቀኝ የበረዶ ግድግዳ ነው፤ ከመኪናው ጣሪያ ይበልጣል። ሰማይን እንደ ስስ ክር ከላይ እያየሁ፣ አዳዳ፣ ልጁ አልዋሸም ነበር እላለሁ በሆዴ። መኪናው ሲቆም ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ እግሬ በረዶው ላይ ሲጫን እንኳ የሚሰማው ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ በከረጢት ውስጥ ሲረገጥ ያለው ትንሽ ጩኸት ነው። ቤተሰቡ ፖም አምራች ነው፤ ሚስቱ ትንሽ ሴት ናት፣ ደጋግማ ጎንበስ ትላለች፣ እኔም ደጋግሜ ጎንበስ እያልኩ በመጨረሻ ሁለታችንም ሳቅን። ኩዶ ወጥቶ በአካፋው ሲቆፍር ቆየና አንድ ጥቅል ጎመን ይዞ ገባ። ሚስቱ በጥሬው ከተፈችልን። ሥራዬ መቅመስ ነው፣ አላጋንንም፤ እውነትም ጣፋጭ ነበር። ጎመኑን አፌ ውስጥ ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። ሚስቱ ደነገጠች። ኩዶ አልደነገጠም።

ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። አዳዳ ሐጅ ሊሄዱ መሆኑን፣ አፉታ ከእሱ እንደሚፈልጉ። አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ ደውይ አለኝ። ሰርቦ ረፋድ አራት ሰዓት ነው። ስልኩን የያዘላቸው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ ጆሯቸው፣ በመጨረሻ ፊታቸው መጣ። ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አረጀህ ወይ አሉት። አዎ አላቸው። አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለህ አሉት። ከዚያ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ የተዘጋጁበት ንግግር እንደሆነ ያስታውቃል። እንግዳ ማባረር በእኛ ነውር እንደሆነ፣ ጥፋተኛ ቢሆንም ዕቃውን ጭቃ ላይ መጣል እንዳልነበረባቸው፣ በየደጁ ስሙን በክፉ እንዳነሱ ተናገሩ። ጥፋተኛ ብትሆንም የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አሉዋት። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። እሱ ይቅር ሊላቸው አፉን ሲከፍት አየሁ። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ አዳዳ ቀልሏቸው ይሄዳሉ፣ እኔም ጎመኔን በልቼ እመለሳለሁ። ግን አዳዳ ካዕባ ፊት ይዘውት የሚቆሙት ይቅርታ የእኔ ውሸት ላይ የተሠራ ሊሆን ነው። አልቻልኩም።

"አዳዳ፣ እሱ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ከዚያ ጥያቄው መጣ፣ አንድ በአንድ፣ ልክ እንደ ፍሬ ለቀማ። ቡሉኮውን ማን አወጣው? እኔ። ውኃውንስ? እኔ፣ ከምንጭ። እሱ አድርጊ አላለሽም? አላለኝም፣ እሱ ስለ እናቱ ጎመን ነው የነገረኝ። አዳዳ ከእኔ ዓይናቸውን ነቅለው ወደ እሱ ዞሩ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ አንተ ልጅ?"

ኩዶ ቃሉን ሲፈልግ ሚስቱ ሻይ ቀዳችለት፤ አልነካውም።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ። "እሷ እዚያ ትኖራለች።"

አዳዳ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱት። የጎረቤቱ ልጅ ስልኩን የት እንደሚያዞረው ጠፍቶት ግድግዳውን አሳየን። ሲመለሱ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ቅድም ያልኩህን ተወው አሉት፤ ቅድም የለመንኩት ጥፋተኛን ነው፤ አሁን እንደ አዲስ ልለምንህ። ለመኑትም። ኩዶ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩ እስኪነካ ጎንበስ ብሎ፣ አፉ ብያለሁ አላቸው፤ ቃሉን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። እኔንስ አዳዳ አልኳቸው።

"አንቺን ገና አላልኩሽም" አሉ። "መጀመሪያ ነይ።"

መጣሁ። አዳዳ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ተነሽ አሉኝ። አንዴ አፉ በሉኝ ብለው የዞሩበትን ደጅ ሁሉ እንደገና ዞርን። ስሙን ያጠፋሁት በምላሴ ነው፣ በምላሴ ነው የምመልሰው ይላሉ፤ ከዚያ እኔን ይጎሽሙኛል፤ እኔም በሠላሳ አምስት ዓመቴ እንደ ተማሪ ቆሜ፣ ቡናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ኩዶ ምንም አላደረገም እላለሁ። አንዳንዱ ማን ነበር ኩዶ ይላል። አንዳንዱ ይስቃል። እትዬ አስካለ ግን አልሳቀችም። አሁን ጥርሷ አልቋል፣ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ያ አጣና ለሃያ ምናምን ዓመት ዶሮ ነው ያሳደረው አለችኝና ፊቷን አዞረችብኝ። ቆይታ፣ ቡና የሚያደርቁ ልጆቿ አሁን ሁሉም በአልጋ እንደሚያደርቁ ነገረችኝ፤ ሌሎች ሰዎች መጥተው ካስተማሩ ስንት ዓመት ሆኗቸዋል። ያ ልጅ ግን ቀድሞ ነበር አለች። ይህን ስትል አዳዳ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ አፉ አላሉኝም። በየሳምንቱ ሰርቦ እሄዳለሁ፤ ይቀልዳሉ፣ ያበሉኛል፣ ስለ ጉልበታቸው ያማርራሉ፤ ያቺን ቃል ግን አያነሷትም። እኔም ደፍሬ አልጠይቅም።

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ነጭ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አንግተው፣ መኪናው እየጠበቃቸው አንዱን ሲያቅፉ፣ ሌላውን ሲስሙ፣ አፉ በሉኝ ሲሉ ቆዩና በመጨረሻ እኔ ዘንድ ደረሱ። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አፉ ብዬሻለሁ፤ ከቆየ" አሉኝ። "አሁን አንቺ አፉ በይኝ።"

ምን አድርገው አልኳቸው።

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ እውነቱን ልትነግረኝ ፈራች" አሉ። "እናትሽ ዘንድ እመልስሻለሁ እያልኩ ያስፈራራሁሽ እኔ ነኝ። ያ ልጅ ያወቀውን ፍርሃትሽን፣ አንድ ቤት እየኖርን፣ እኔ አላወቅኩትም።"

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አዳዳ ጉንጬን አልለቀቁም፤ ቃሉን ሳይሰሙ እንደማይሳፈሩ ዓይናቸው ይናገር ነበር። አፉ ብያለሁ አልኳቸው፤ ከዚያ ለቀቁኝና መኪናው ውስጥ ገቡ።